የዳገት ቤት፣ የሜዳ ቤት

እናቴን ጉልበቷ እምቢ ባላት ዓመት ነው ስለ ቤት ማሰብ የጀመርኩት። ከዚያ በፊት ቤት ማለት የተወለድኩበት ነበር፣ አለቀ። ሰው ስለ አፍንጫው ቅርጽ ቁጭ ብሎ አያስብም አይደል? እንደዚያ ነው። ቤታችን ደሴ ነው፣ ጦሳ ተራራ ሥር። ከአስፋልቱ እስከ በራችን 74 ደረጃ አለ። ደረጃ ስላችሁ እኩል እኩል የተሠራ እንዳይመስላችሁ። ግማሹ ጥርብ ድንጋይ ነው፣ ግማሹ አባቴ በሕይወት እያለ ክረምት በወጣ ቁጥር የለጠፈው ሲሚንቶ ነው፣ መሃል ላይ ደግሞ ጎርፍ የበላው ቦታ አለ። በጨለማ እዚያ የደረሰ ሰው በእግሩ ጣት እየዳሰሰ ነው የሚያልፈው።

እማዬ የደረጃውን ቁጥር አታውቀውም። እሷ የምትቆጥረው ማረፊያ ነው። ድሮ ከሰኞ ገበያ ዘንቢሏን ይዛ ስትመጣ የታችኛው ጎረቤታችን ሐጂ በር ላይ አንዴ ቆም ትልና ትንፋሿን ሰብስባ ትቀጥል ነበር። አምና ማረፊያው ሦስት ደረሰ። ዘንድሮ ሐጂ ራሳቸው በራቸው ላይ በርጩማ አስቀመጡላት። «እትዬ፣ ይቺ የእርስዎ ናት፤ ማንም አይነካትም» አሏት። እሷ ሳቀች፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። ያን ዕለት ማታ ወንድሜ ከኮምቦልቻ ደወለና «በቃ ወደ ሜዳው እናውርዳት» አለ።

ወንድሜ ኮምቦልቻ ዳርቻ ላይ በማኅበር ቦታ አግኝቶ ቤት ሠርቷል። እማዬ ግን «ምራቴ ቤት እንግዳ አልሆንም» ብላ ገና ከጅምሩ አንገቷን ነቀነቀች። ስለዚህ ለራሷ የምትሆን፣ ደረጃ የሌላት አነስ ያለች ቤት ልፈልግላት ተነሳሁ። የምሠራው ኮምቦልቻ ነው፤ ማደሪያዬ ደሴ። ሦስት ወር ያህል ቅዳሜ ቅዳሜ፣ አንዳንዴም ከሥራ መልስ፣ ከደላላ ኋላ እየተከተልኩ ከጢጣ እስከ ኮምቦልቻ ዳርቻ ቤት ሳይ ከረምኩ። ቤቱን አላገኘሁም። ግን «ያማረ ቤት» የሚባለው ነገር በዚያች አጭር መንገድ ላይ እንዴት እንደሚገለበጥ አየሁ።

የሐረጎን ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል። ከደሴ ሚኒባስ ተሳፍራችሁ ቁልቁል ስትጠማዘዙ መጀመሪያ ጆሯችሁ ይደፈናል፣ ቀጥሎ አንዱ ተሳፋሪ መስኮት ይከፍታል፣ ከዚያ ሹራብ ይወልቃል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1850 ገደማ። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር አየሩ በየ1000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ ልዩነቱ አራት ዲግሪ ቢሆን ነው። ወረቀት ላይ አራት ዲግሪ ምንም አይደለም። ቤት ላይ ሲመጣ ግን መስኮቱ ወዴት እንደሚዞር፣ በረንዳ እንደሚያስፈልግና እንደማያስፈልግ፣ እንጨቱን ምስጥ እንደሚበላውና እንደማይበላው የሚወስነው እሱ ነው። ቦርከና እንኳ ከደሴ በዶሮ መዝለያ ገደል ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ሌላ ወንዝ ነው የሚመስለው።

ደሴ ላይ ቤት የሚታየው ከላይ ነው። ይህን ዕድሜዬን ሙሉ እያየሁት ያስተዋልኩት ግን ዘንድሮ ነው። በሜዳ አገር ቤት ፊት አለው፤ መንገደኛው የሚያየው በሩንና ግንባሩን ነው። ደሴ ግን ጎረቤታችሁ የሚኖረው ራስጌያችሁ ላይ ነው። ጠዋት ደጁ ላይ ቆሞ ጥርሱን ሲፍቅ የሚያየው የእናንተን ጣሪያ ነው። እናንተም የታችኛውን ጣሪያ ታያላችሁ፦ የቱ ጋ እንደዛገ፣ የቱ ጋ ድንጋይ እንደተጫነበት፣ የቱ ሚስማር እንደለቀቀ። እኔ የሐጂን ጣሪያ ከራሳችን ጣሪያ አብልጬ አውቀዋለሁ። አንድ የበልግ ንፋስ ያለፈ ጊዜ አባቴ ከላይ ሆኖ «ሐጂ! በምሥራቅ በኩል ሦስተኛው ቆርቆሮ ተነስቷል!» ብሎ ጮኸላቸው። እሳቸው መዶሻ ይዘው ወጡ፣ እሱ ከላይ «ትንሽ ወደ ግራ፣ ቀጥል፣ አዎ እሱ ጋ» እያለ አስመታቸው። የሰፈር ሰው ቆሞ እያየ ሳቀ። እና ደሴ ላይ ቤቱን ማሳመር የፈለገ ሰው መጀመሪያ ጣሪያውን ነው የሚያሳምረው። በአዝዋ ገደል በኩል ወጥታችሁ ከተማዋን ብትመለከቱ ቀይና አረንጓዴው ኢጋ ቆርቆሮ ከዛገው አሮጌ ጋር ተደራርቦ፣ ጭሱ በመሃሉ እየወጣ፣ አንድ ትልቅ ቤት ነው የሚመስለው። ቀረብ ብላችሁ አንድ በአንድ ብታዩት ግን፣ እውነቱን እንነጋገር፣ አብዛኛው አያምርም።

አያምርም ያልኩት ገንዘቡ የተቀበረው መሬት ውስጥ ስለሆነ ነው።

ከቤታችን ጀርባ አንድ የድጋፍ ግንብ አለ። ልጅ ሆኜ አንድ ክረምት፣ ነሐሴ ውስጥ፣ አባቴ ጠዋት ተነስቶ መዳፉን ግንቡ ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ ቆመ፤ ልክ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚነካ ሰው። ግንበኛ ተጠራ። ሰውዬው በአንድ ዓይኑ ጎን ለጎን አየውና «አርግዟል» አለ። እኔና ወንድሜ ሳቅን። እሱ አልሳቀም። ግንቡ እውነትም መሃሉ ላይ ወደ እኛ ሆዱን ነፍቶ ነበር። «ድንጋይ አይደለም ግንብ የሚያፈርስ፤ ውሃ ነው» አለና በመሮ እየመታ ከታችኛው ረድፍ አንድ ድንጋይ ፈለቀቀ። የወጣውን ውሃ እስካሁን አስታውሰዋለሁ፤ ቡናማ፣ ቀዝቃዛ፣ ማባሪያ የሌለው። ግንቡን መጀመሪያ የሠራው ሰው ውሃ የሚተነፍስበት ቱቦ አልተወለትም ነበር። ደሴ የተቀመጠችው ከተራሮቹ ተሸርሽሮ በወረደ አፈርና የበሰበሰ ድንጋይ ላይ ነው፤ ክረምት ሲጠግብ ይንሸራተታል። ከተማዋ በዚህ የታወቀች ናት፤ የመሬት መንሸራተት አጥኚዎች ደጋግመው የመጡባት አገር ናት። እኛ ግን ከአጥኚ በፊት የምናውቀው «ግንቡ አረገዘ» በሚለው ነው።

ያን ዓመት ለሳሎኑ ሊሾ የተቀመጠው ብር ወደ ግንቡ ገባ። እማዬ ያየችለት ቡፌም አብሮ ገባ። እኔ ሃይስኩል እስክጨርስ ሳሎናችን በእበት የሚለቀለቅ የአፈር ወለል ነበር። እንግዳ የሚያየው ያንን ወለል ነው። ከጓዳው ኋላ ቆሞ ቤቱን የያዘውን ግንብ፣ የሊሾውንም የቡፌውንም ዋጋ የዋጠውን፣ ማንም መጥቶ «እንዴት ያምራል» ያለው የለም። አባቴ ብቻ ነበር ክረምት ሲወጣ እየሄደ መዳፉን የሚያሳርፍበት።

ሌላው የፀሐይ ነገር ነው። ጦሳ በምዕራብ፣ አዝዋ በምሥራቅ ስለሆኑ መሃል ያለነው ሰዎች ፀሐይን በራሽን ነው የምናገኛት። ከሰዓት አሥር ሰዓት አካባቢ ጦሳ ጥላውን ይጥልብናል፤ ታች ፒያሳ ገና ፀሐይ ሲሞቅ እኛ ጋቢ ደርበናል። ስለዚህ የድሮ ሰው በሩንና ትልቁን መስኮት ወደ ምሥራቅ ያዞራል። ወደ ጦሳ በሚያየው ግድግዳ ላይ ብዙ ጊዜ መስኮት የለም፤ ካለም የሲኒ ማቅረቢያ ታክላለች። ለእንግዳ ዕውር ግድግዳ ይመስላል። ሐምሌ ላይ ጉሙ ከተራራው ወርዶ በር ሲያንኳኳ ግን የዚያ ግድግዳ ዕውርነት ደግነት ነው።

ግድግዳችን ጭቃ ነው። ይህን ስናገር መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚያዝኑልኝ አሉ። ጭቃ ቤት ማለት ያላለቀ ቤት ይመስላቸዋል። ባሕር ዛፉ ቆሞ ማገሩ ከተመታ በኋላ ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ይቦካል፤ እንደ ሊጥ ተከድኖ ይሰነብታል፣ በእግር ይረገጣል፣ እንደገና ይሰነብታል። መሽተት ሲጀምር ነው ደረሰ የሚባለው። ሳይደርስ የተመረገ ጭቃ በሳምንቱ ይሰነጠቃል። እማዬ የቤቱን የመጨረሻ ምርግ በእጇ ነው የለሰነችው፤ ከበሩ በስተግራ፣ ከመቀርቀሪያው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የአራት ጣቷ መስመር አሁንም አለ። ቀለም በተቀባ ቁጥር ትንሽ ይጠፋል፤ ጎን ለጎን ብርሃን ሲያርፍበት ግን ይታያል። ወፍራም ጭቃ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልሳል። ስስ ብሎኬት ፀሐይ ስትጠልቅ አብሯት ይበርዳል።

ጢጣ ያየሁት ቤት ይህን ሁሉ የረሳ ቤት ነበር። ወደ ሐይቅ መውጫ ያለው ሰፈር አሁን በጣም እየሰፋ ነው፤ ዩኒቨርሲቲውም እዚያ በኩል ስለሆነ። ደላላው መንገድ ላይ «እህቴ፣ አዲስ አበባ ያለሽ ነው የሚመስልሽ» አለኝ። አልዋሸም። ሰማያዊ መስታወት ከወለል እስከ ኮርኒስ፣ ሁለት ወፋፍራም ክብ ኮለን ደጃፉ ላይ፣ ውጭው ባለሁለት ቀለም ኳርትዝ፣ ውስጡ እንደ ሠርግ ኬክ የተዥጎረጎረ ጅብሰም። መስታወቱ ያየው ወደ መንገዱ ነው፤ ፀሐይ በየት እንደምትገባ የጠየቀ የለም። የቤቱ እመቤት ከነጋቢዋ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች፤ ከእግሯ ሥር፣ የሚያንጸባርቀው ሴራሚክ ላይ፣ የከሰል ምድጃ።

«ያምራል» አልኳት።

«ለፎቶ» አለችኝ።

ኮምቦልቻ ስትወርዱ ጨዋታው ይቀየራል። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ባጃጅ ደጃፍ ድረስ ይገባል፣ ሲኖትራክ አሸዋውን ግቢያችሁ ውስጥ ነው የሚዘረግፈው። ደሴ ላይ አሸዋው አስፋልት ዳር ይራገፍና ቀሪው መንገድ በአህያና በሰው ጀርባ ነው፤ አንድ ብሎኬት ሁለት ጊዜ ይገዛል፣ አንዴ ከሻጩ፣ አንዴ ከተሸካሚው። ሜዳው ላይ ይህ ሁሉ ወጪ የለም። ታዲያ ያ የተረፈ ብር የት ይሄዳል ካላችሁ፣ ወደ በሩ።

የኮምቦልቻ ቤት ፊቱ የግቢ በሩ ነው። ቤቱን አታዩትም፤ በአጥር ተከቧል። የምታዩት ላሜራ በር ነው፤ ወርቃማ ጦር የተሰካበት፣ በቶንዲኖ ብረት ጽጌረዳ የተጠማዘዘበት፣ መሃሉ ላይ አንበሳ ወይ ፒኮክ የተቀመጠበት፣ አንዳንዱ ላይ ጨረቃ፣ አንዳንዱ ላይ መስቀል። አንድ ሰፈር ውስጥ ስሄድ አሥራ አንድ በር ቆጥሬ አራቱ አንድ ዓይነት ነበሩ፤ አንድ በያጅ ለአራቱም የሠራው መሆን አለበት። ወንድሜ ሰፈር ደግሞ ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ አጥሩ ሁሉ አንድ ሁለት ረድፍ ብሎኬት ጨምሯል። ከተማው ሲያዝ ቤቱን ቆልፎ የወጣ ሰው ተመልሶ ያገኘውን ያውቃል፤ ስለዚህ በአጥሩ ቁመት አልፈርድም። ብቻ መንገዱ ላይ ስትሄዱ በሁለት ግድግዳ መሃል የምትሄዱ ይመስላችኋል።

በሩ ሲከፈት ሌላው የኮምቦልቻ መልክ ይመጣል። ፊት ለፊት ቪላው፣ በስተኋላ ደግሞ የሚከራዩ ክፍሎች በረድፍ፤ አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ አንድ በር፣ አንድ መስኮት። የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ብረታ ብረቱ ቀድሞም ነበሩ፤ በ2009 ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። ሠራተኛ ማደሪያ ይፈልጋል፣ ባለቤቱ የባንክ ብድሩን የሚከፍልበት ይፈልጋል። ስለዚህ ሣርና አበባ ሊሆን የሚችለው ቦታ ስምንት በር ይሆናል። ይህን እንደ ጉድለት ሳይ ቆየሁ። ከዚያ አንድ ምሽት አንድ ግቢ ውስጥ ስገባ ስምንቱም በር ላይ ሴቶች ከፈረቃ ተመልሰው እግራቸውን ዘርግተው፣ መሃል ላይ አንድ ጀበና ተጥዶ አገኘሁ። ቪላው ጨለማ ነበር። ግቢው ውስጥ ያማረው የትኛው እንደሆነ ለመናገር አሰብኩና ተውኩት።

ከሁሉ የወደድኩት ቤት ሊሸጥ የታሰበ ቤት ነው፣ ግን ቤት ሆኖ አይደለም። በርበሬ ወንዝ አካባቢ ነው። አሮጌ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ጣሪያው ዝግት ያለ። ግን ሰፊ በረንዳ አለው፤ ቤቱን በሁለት ጎን የዞረ፣ ሁለት አልጋ የሚያዘረጋ። የፊቱ በርና የጓሮው በር ትይዩ ናቸው፤ ሁለቱም ሲከፈቱ ንፋሱ በመሃል ያልፋል፣ ስትገቡ ፊታችሁን ይዳብሳችኋል። የሳሎኑ መስኮት ላይ የወባ ትንኝ እንዳይገባ ወንፊት ተወጥሯል። ወባ ከ2000 ሜትር በታች ነው የሚበረታው ይባላል፤ ደሴ ያደግን ሰዎች ወንፊት መስኮት ስናይ የወጥ ቤት ዕቃ የተሰቀለ ይመስለናል። የበረንዳው ቋሚዎች ከመሬት አይነኩም፤ እያንዳንዳቸው ድንጋይ ላይ ነው የቆሙት፣ ምስጥ እንዳይወጣባቸው። ግቢው ውስጥ አንድ ማንጎ አለ፤ ጥላው ስድስት ሰዓት ላይ በትክክል በረንዳው ጫፍ ላይ ይደርሳል።

ባለቤቷ አሮጊት ናቸው። ሰፌድ ላይ ምስር ይለቅማሉ። «ቤቱስ ምን አለው ብለሽ ነው ልጄ፤ ያማረችው ዛፏ ናት» አሉኝ። ደላላው በጆሮዬ «እሱን ተዪው፤ የሚፈርስ ነው። የሚሸጠው ቦታው ነው» አለ። አሮጊቷ የሰሙ አልመሰለኝም። ሰምተውም ይሆናል፤ ምስሩን መልቀም ግን አላቋረጡም።

በነገራችን ላይ ይህ የቦታና የመልክ ነገር የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከጥቂት ዓመት በፊት ለሥልጠና ሐረር ሄጄ ጀጎል ውስጥ አንድ ቤት ገባሁ። ከውጭ አጥር ብቻ ነው፤ ጠባብ መንገድ፣ ነጭ ግድግዳ፣ አንድ በር። ውስጥ ስትገቡ ከፍና ዝቅ ያሉ ቀይ መደቦች፣ ግድግዳው ሙሉ በሰፌድና በሳህን የተሸፈነ። ቤቱ ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሯል። ላሊበላ ደግሞ ድንጋይ ከእግራቸው ሥር ስለሚያገኙ ባለ ሁለት ደርብ ክብ የድንጋይ ቤት ይሠሩ ነበር፤ ከሣር ክዳን ሥር ቀይ ድንጋይ። አንዱም ቤት ሌላው አገር ተነቅሎ ቢተከል አያምርም። ሐረር ያየሁትን መደብ ጦሳ ሥር ብትሠሩት ከሥሩ ቅዝቃዜው ወገባችሁን ይዞ አይለቅም።

ታዲያ አሁን ለምን ሁሉም አንድ ሆነ? ሰው ጣዕም ስላጣ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አይመስለኝም። ነገሩ ከቦታው አሰጣጥ ይጀምራል። በ1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ በአሮጌው ከተማ ውስጥ ያሉት ደህና ቤቶች ብዙዎቹ የቀበሌ ሆኑ። የቀበሌ ቤት ደግሞ ተከራዩ የእኔ አይደለም ይላል፣ ቀበሌው በጀት የለኝም ይላል፤ መሃል ቤት የእንጨት ሰገነቱ ይወልቃል። አሁን ደግሞ ቦታ የሚገኘው በሊዝ ጨረታ ወይ በማኅበር ነው። ጨረታ ያሸነፈ ሰው ግንባታ የሚጀምርበት ቀን ተቆርጦለታል፤ ቁጭ ብሎ የፀሐይዋን መንገድ የሚያይበት ጊዜ የለውም። ማኅበሩ ደግሞ ቦታውን እንደ ዳቦ እኩል እኩል ይቆርጣል፣ አንድ ፕላን ያሠራል፣ አባላቱ ያንኑ ፕላን ይገነባሉ። ፕላኑ የተሳለው ለየትም ነው። ደሴም ቢሆን፣ ኮምቦልቻም ቢሆን፣ ባሕር ዳርም ቢሆን ያው ነው። ለዚህ ነው ጢጣ ያለው ቤት በመስታወት ብዛት የሚንቀጠቀጠው፣ ወንድሜ ቤት ደግሞ በረንዳ ስለሌለው ስምንት ሰዓት ላይ የሚጋገረው።

ወንድሜ ይህን ሲያነብ ይቆጣኛል። ቤቱ ጥሩ ቤት ነው። ሦስት መኝታ፣ ሰፊ ሳሎን፣ ጣሪያው የኮንክሪት ሶሌታ፤ ከሶሌታው በላይ ፌሮዎቹ ወደ ሰማይ ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ አንድ ቀን ጂ ፕላስ ዋን ይሆናል ተብሎ። የኮምቦልቻ ዳርቻ በእነዚህ የዛጉ ፌሮዎች የተሞላ ነው። አንዳንዱ ሰው ልብስ ያሰጣባቸዋል። ሜዳውም ቢሆን ግን በነፃ አልተሰጠም። መሬቱ ጥቁር አፈር ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ወንድሜ በጀት ሲያጥረው አፈሩን በደንብ ሳያስወጣ፣ ገረጋንቲውን በሚገባ ሳያስሞላ ነው ያስጀመረው። በሁለተኛው ዓመት ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ ወደ ኮርኒሱ የሚወጣ ስንጥቅ መጣ። ጥር ላይ የእጅ ጣት ያስገባል፣ መስከረም ላይ ይገጥማል። እማዬ ይህን ስታይ መዳፏን አደረገችበት። ምንም አላለችም።

አዎ፣ እማዬ ወርዳለች። ቤት ሳላገኝላት የጥምቀት ሰሞን ጉልበቷ ጨርሶ አልታዘዝ ሲላት ወንድሜ በመኪና መጥቶ ወሰዳት፤ ያቺን 74 ደረጃ እኔና እሱ ተሸክመናት ወረድን። «ሁለት ሳምንት ብቻ» አለች። ሐጂ በርጩማዋን አስይዘው ሸኟት።

በመጀመሪያው ቀን ቤቱን አዞሯት፤ መታጠቢያ ቤቱን፣ የሚፈሰውን ሙቅ ውሃ፣ አዲሱን አልጋ። መረቀች። «ቤቱስ ያምራል» አለች። በሦስተኛው ቀን ስሄድ በርጩማዋን ግቢው መሃል ላይ አድርጋ፣ አጥሩን ፊት ለፊት እያየች ተቀምጣለች። ከአጥሩ በላይ ያለው ሰማይ ብቻ ነው።

«ምን እያየሽ ነው እማዬ?»

«ምን ይታያል?»

ደሴ ላይ እኮ ደጇ ላይ ተቀምጣ የሃያ ቤት ጣሪያ ታይ ነበር። የማን ጭስ ቀድሞ እንደወጣ፣ የማን ልጅ ቆርቆሮ ላይ ኳስ እንደሰቀለ፣ ሐጂ ለሶላት ውሃ ሲቀዱ፣ ከሰኞ ገበያ ማን ምን ተሸክሞ እንደሚመጣ። ጭስ ያልወጣበት ቤት ካየች ሰው ትልካለች። ይህ ሁሉ የቤቱ ክፍል እንደነበር እኔ ስለ ሊሾና ስለ መስኮት ስቆጥር አልቆጠርኩትም።

ምራቷ ብልህ ናት። በማግስቱ የግቢውን ትንሿን በር ከፍታ በርጩማዋን እዚያ አወጣችላት። እማዬ በሁለት ቀን ውስጥ የመንገዱን ሰው ለመደች፤ ባጃጅ ነጂው «እናቴ እንደምን አደሩ» ማለት ጀመረ፤ ፊት ለፊት ያለች ሙስሊም ጎረቤት ቡና ይዛ መጣች፤ ቀጥሎ እማዬ እዚያ ሄደች። ችግሩ ከሰዓት ነው። ከሰዓት ፀሐዩ በዚያ በኩል ይመታል፣ አቧራውም አለ፣ በሩ ሲዘጋ ደግሞ ያው ላሜራው ነው። ወንድሜ ሁለት ቀን አሰበና በያጁን ጠራ። ያንኑ አራቱን በር የሠራውን ልጅ መሰለኝ።

«እዚህ ጋ፣ ዝቅ ብሎ፣ መስኮት ቁረጥልኝ፤ ከውስጥ የሚዘጋ» አለው።

ልጁ ቦታውን አየ፣ ቁመቱን አየ። «ለውሻ ነው?»

«ለእናቴ ነው።»

ልጁ ደነገጠ፣ ከዚያ አፈረ፣ ከዚያ ሥራውን ያዘ። እማዬን በርጩማዋ ላይ ከበሩ አጠገብ አስቀመጣትና ሜትሩን ዘርግቶ ከመሬት እስከ ዓይኗ ለካ። ቾኩን ከጆሮው ላይ አንስቶ ላሜራው ላይ፣ ከፒኮኩ ጅራት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ መስመር ሊያሰምር ካለ በኋላ ቆመ።

«እናቴ፣ ዝም ብለው እንደ ወትሮው ይቀመጡ እስቲ» አላት። «አሁን ቀና ብለዋል።»